ከሩቅ የቆሰለው ቀበሮ፦ መግደል ሲፈቀድ ማቁሰልም ተፈቅዷል ማለት ነው?



ከክረምት እረፍት መልስ የጥያቄ ሳጥናችን ጠባዩን ይለውጣል። በፈተና ሰሞን ሶላት ስለማጣመር፣ በረመዳን ስለ ፆም ሲጠይቁን የቆዩ እህትና ወንድሞች ከቤታቸው ይዘውት የመጡትን ጉዳይ ይጽፉልናል። ዘንድሮ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ ከጃቢ ጠህናን ገጠር የመጣ ወንድም ያስገባው ወረቀት ስንነጋገርበት ሰንብቷል። ቀበሮ ሁለት ግልገል በልቶባቸዋል። ታላቅ ወንድሙ ከወንዙ ማዶ ያየዋል፤ በክላሽ ይተኩሳል፤ ቀበሮው ይወድቃል፤ ተነስቶም እያነከሰ በቆሎ ውስጥ ይገባል። ፈልገው አጡት። «ወንድሜ ወንጀል አለበት ወይ?» ይላል ጥያቄው።

ለአጭር መልስ አንድ መስመር ይበቃ ነበር፤ በጉን የሚበላበትን ቀበሮ ለመግደል መነሳቱ ወንጀል የለበትም። ጠያቂው ግን ይህን የሚያውቅ ይመስለናል። እረፍት የነሳው ግድያው ሳይሆን እያነከሰ የሄደው እንስሳ ነው። ብዙዎቻችን ቀበሮ፣ ጅብና ዝንጀሮ ጠላት በሆኑበት ቤት ስላደግን ነገሩን ሰፋ አድርገን ብናየው ይጠቅማል ብለናል።

በመጀመሪያ የጉዳቱን ልክ እናንሳ፤ ከተማ ያደገ ወንድም «አንድ ቀበሮ ምን ያህል ቢጎዳ ነው?» ሊል ይችላልና። በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቤት በግ የቁጠባ ደብተር ነው። ዋሸራ የሚባለው የአካባቢው በግ ጸጉሩ አጭር፣ ላቱ ሰፊ ነው፤ መንታ መውለድም ያዘወትራል። የማዳበሪያው ዕዳ፣ የልጅ የትምህርት ወጪ፣ በኛ ቤት ደግሞ ለዒድ የሚታረደው ኡድሒያ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሁለት ግልገል የተበላበት ቤት የአንድ ተማሪ ልጁን የመሳፈሪያና የደብተር ብር ተበላ ማለት ነው። ወደ ቡሬና ወምበርማ ሲወረድ በቆሎው አለ፤ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ይገቡበታል። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ የሚውሉት፣ አባቶች በማሳው ዳር የሚያድሩት ለጨዋታ አይደለም።

ሸሪዓችን ይህን ጉዳት ንቆ አያልፍም። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሐረም ክልል ውስጥ ሳይቀር የሚገደሉ አምስት ጎጂ እንስሳትን ቆጥረዋል፤ ቁራ፣ ጭላት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ ላይ «ተናካሽ ውሻ» የሚለውን ሲያብራሩ ሰው ላይ የሚዘልና የሚያቆስል አውሬ ሁሉ፣ አንበሳውም፣ ነብሩም፣ ተኩላውም ይገባበታል ብለዋል። እዚያው ቦታ ላይ ግን በራሱ ተነስቶ የማያጠቃውን አውሬ ለይተው ኢሕራም ያደረገ ሰው እንዳይገድለው ተናግረዋል፤ ጅብና ቀበሮ በዚህ ወገን ነው የተቆጠሩት። ልብ በሉ፣ መለኪያው የእንስሳው ስም ሳይሆን ጉዳቱ ነው። «ቀበሮ ስለሆነ» መግደልና «በጌን ስለሚበላ» መግደል ሁለት ነገር ናቸው።

ፉቀሃዎች የሚያጠቃን አካል «ሷኢል» ይሉታል፤ የመከላከያ ሕጉም ቀላል በሆነው ይጀምራል። በጩኸት የሚመለሰውን በዱላ፣ በዱላ የሚመለሰውን በሞት መመለስ አይገባም። ማሳ ጥግ ያለችን ጦጣ ጅራፍ የሚያባርራት ከሆነ ጥይቱ ምክንያት የለውም።

ስለ ስም ካነሳን ዘንድ፣ በየማሳው ቀበሮ የምንለው እንስሳ ስሙ ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም። ሳይንቲስቶች ለረጅም ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ ነው ብለው ይቆጥሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኢትዮጵያ ደጋ የተገኙ ናሙናዎችን የመረመረ የዘረ መል ጥናት ለተኩላ የቀረበ መሆኑን አሳየ፤ በ2015 የወጣ ሰፊ ጥናትም ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አረጋገጠ፤ ዛሬ የአፍሪካ ተኩላ ይባላል። በደጋችን አብዛኛው ምግቡ አይጥና ነፍሳት ነው፤ ማለትም በግ የሚወስደው እንስሳ ቀሪውን ጊዜ የእህላችንን ሌባ ሲያድን ይውላል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም፣ በዓለም ላይ የቀረውም ጥቂት መቶ ብቻ ነው። በጎጃም በጮቄ ተራራ ላይ ነበር፤ ዛሬ እዚያ የለም።

ወደ ዋናው ነጥብ እንግባ። ሸዳድ ኢብኑ አውስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ከነገሩን በኋላ ስንገድል አገዳደላችንን፣ ስናርድም አስተራረዳችንን እንድናሳምር፣ ቢላዋችንን እንድንስልና እንስሳውን ከስቃይ እንድናሳርፍ አዘዋል። ይህን ሐዲስ የምናስታውሰው በኡድሒያ ሰሞን ነው፤ ቢላዋ ሲሳል። ሐዲሱ ግን ከማረድ በፊት ያነሳው መግደልን ነው። የማይበላውን፣ የማይታረደውን፣ ለጉዳቱ ሲባል የሚገደለውን እንስሳ ሁሉ ይዟል። ቀበሮም ከዚህ ውስጥ ነው።

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ሙስሊም የዘገቡት ሌላ ሐዲስ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። የቤት እንሽላሊትን በመጀመሪያው ምት የገደለ የሚያገኘው አጅር በሁለተኛው ምት ከገደለው ይበልጣል፤ በሁለተኛው የገደለውም በሦስተኛው ከገደለው ይበልጣል። በ660 ሂጅራ የሞቱት ታላቁ የሻፊዒያ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዲሰላም የአንዱ ምት አጅር ለምን እንደበለጠ ሲያስረዱ አንዱ ምክንያት ይኸው በአገዳደል ላይ ያለው ኢሕሳን ነው ብለዋል። እኚሁ ዓሊም ስለ ሕግጋት መሠረቶች በጻፉት ታዋቂ ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል፤ ሲታረዱ በመልካም መታረድ፣ ነፍሳቸው ሳይወጣ ቆዳቸው አለመገፈፉ፣ አጥንታቸው አለመሰበሩ ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል።

ሦስተኛው ሐዲስ ለጎጃም ልጅ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ቅርብ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ሙገፈል (ረ.ዐ) አንድ ሰው በጣቶቹ ጠጠር ሲያስፈነጥር አይተው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን እንደከለከሉ ነገሩት። ምክንያቱም ተጠቅሷል፤ ጠጠሩ አውሬ አይገድልበትም፣ ጠላት አይመታበትም፤ ጥርስ ግን ይሰብራል፣ ዓይንም ያጠፋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የተከለከለው መሣሪያ ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ዓላማውን ሳይፈጽም ጉዳት ብቻ የሚተው ስለሆነ ነው። ማማ ላይ ያለ ልጅ ወንጭፉን ወፍ ለማስፈራራት ሲያስጮኸው ዓላማው ይፈጸማል። ዝንጀሮ ዓይን ላይ ሲያነጣጥር ግን ዝንጀሮው አይሞትም፣ ማሳውም አይድንም፤ አንድ ዓይን ይጠፋል።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው የምንደርስበት ይህ ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ጉዳትን ለማስቆም ለመግደል ነው፤ ለማቁሰል ለብቻው የተሰጠ ፈቃድ የለም። ተኳሹ ቃታውን ከመሳቡ በፊት በብዛት የሚጠብቀው ሞት ሳይሆን ቁስል ከሆነ የተፈቀደለትን እየሠራ አይደለም። ስለዚህ ርቀት፣ ብርሃንና የመሣሪያው ዓይነት የተኩስ ጉዳይ ብቻ ሆነው አይቀሩም።

ታዲያ ከወንዙ ማዶ የተተኮሰ ክላሽ ምን ይጠበቅበታል? እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልገናል፤ የምህንድስናና የፊዚክስ ተማሪዎቻችን በሒሳቡ አግዘውናል።

የአካባቢያችን ቀበሮ ከ7 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ከሩቅ ሲታይ ትልቅ የሚያስመስለው ጸጉሩ ነው። ወዲያው የሚገድለው ቦታ፣ ልብና ሳንባው ያሉበት፣ ከስኒ ማስቀመጫ ብዙ አይሰፋም። ክላሽ ደግሞ ተኳሹ ጥሩ ድጋፍ ይዞ፣ መሣሪያው ሳያረጅ፣ በ100 ሜትር ላይ ጥይቶቹን የሚያሳርፈው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር በሚሆን ክብ ውስጥ ነው። በዚህ ርቀት ስኒ ማስቀመጫውና ክቡ ይቀራረባሉ። 300 ሜትር ላይ ክቡ ሦስት እጥፍ ይሰፋል፤ ማስቀመጫው ግን ያው ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚነፍስ ነፋስና ከሩጫ በኋላ የሚመታ ልብ ገና አልተቆጠሩም።

ጊዜም አለ። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አየሩ እያዘገየው 300 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቀበሮ ዝም ብሎ ሲራመድ እንኳ በግማሽ ሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል፤ ሶምሶማ ከያዘ ከአንድ ሜትር በላይ። ትከሻው ላይ የታለመው ጥይት ሲደርስ እዚያ ያለው ሆዱ ወይም የኋላ እግሩ ነው። ርቀትን በዓይን መገመትም ሌላ ጣጣ አለው። ማነጣጠሪያው ለ300 ሜትር ተስተካክሎ 150 ሜትር ላይ ያለ እንስሳ ቢተኮስበት ጥይቱ ከታለመበት ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ማነጣጠሪያው ላይ እስከ 800፣ በአንዳንዱም እስከ 1000 የተጻፉት ቁጥሮች የተሠሩት ለጦር ሜዳ ነው፤ እዚያ ጥይት አጠገብ ቢያርፍም ጠላትን አንገት ያስደፋል፣ ሥራ ሠርቷል። በእንስሳ ላይ አጠገቡ ያረፈ ጥይት ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ቁስል ነው።

ከሁሉም ያስገረመን ግን የጥይቱ ነገር ነው። ለአደን የሚሠራ ጥይት ገላ ሲነካ ጫፉ ይከፈታል፤ ሰፊ ቁስል አድርጎ ቶሎ ይገድላል። የክላሹ ጥይት ለጦር የተሠራ፣ ሙሉ በሙሉ በብረት የተለበጠ ስለሆነ እንደ ቀበሮ ባለ ቀጭን ገላ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይገለበጥ ጠባብ ቀዳዳ ትቶ ያልፋል። ቀበሮው ይሮጣል። ተኳሹ «ሳትኩት» ብሎ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመለሳል። እንስሳው ግን አልተሳተም፤ ሆዱ የተበሳ እንስሳ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይቆያል። ምንሽር ያላቸው አባቶች «የኛ ይሻላል» ይሉን ይሆናል። ርቀቱ ላይ እውነታቸውን ነው። ጥይቱ ግን የእነሱም የጦር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜው ከባለቤቱ ይበልጣል።

ቁስሉ ደግሞ ለገበሬውም አይበጀውም። እግሩ የተሰበረ ቀበሮ አይጥ ማባረር አይችልም፤ የሚቀረው የማያመልጠው ነው፤ ዶሮ፣ አዲስ የተወለደ ግልገል፣ በቤት ዙሪያ ያለ ነገር። በዓለም ላይ ከታወቁት ሰው በላ አውሬዎች አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በህንድ ኩማዎን የተገደለችው የቻምፓዋት ነብር፣ በ436 ሰዎች ሞት ትጠየቃለች። የገደላት አዳኝ ጂም ኮርቤት አፏን ሲመለከት በአንድ በኩል ያሉት የላይና የታች ክራንቻዎቿ በቀድሞ የጥይት ምት ተሰብረው አገኛቸው፤ የዱር አደኗን ያስተዋት ይኸው መሆኑን ጽፏል። አንድ ሰው አቁስሎ የተዋት ነብር ነበረች ማለት ነው።

በስልኮቻችን ስለሚመጡት ቪዲዮዎችም እናንሳ፤ በዶርም ውስጥ ሲታዩ አይተናልና። በሰሜን አሜሪካ ኮዮት የሚባል፣ የኛን ቀበሮ የሚመስል እንስሳ አለ። ተኳሾቹ የጥንቸል ጩኸት በሚያሰማ መሣሪያ ይጠሩታል፤ በማጉያ መነጽርና በርቀት መለኪያ እያዩ ከብዙ መቶ ሜትር ይተኩሱበታል። ቪዲዮው የሚያሳየው የወደቀውን ነው፤ ያነከሰው ተቆርጦ ይቀራል። የአገሪቱ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻውን በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮዮቶችን ይገድላል፤ እንስሳው ግን ከምዕራቡ ሜዳ ተነስቶ ዛሬ በመላው አህጉር፣ በትልልቅ ከተሞች ውስጥ ሳይቀር ተሰራጭቷል። ብዙ የገደለ የሚሸለምባቸው ውድድሮችም አሉ፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሽልማት ያለባቸውን እነዚህን ውድድሮች ከልክላለች።

የኛ ዲን ለዚህ ዓይነቱ መልስ ሲሰጥ ቆይቷል። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ቀን ወጣቶች ወፍ አስረው ቀስት ሲወረውሩባት ደረሱባቸው። ከወፏ ባለቤት ጋር የተዋዋሉት የሳተው ቀስት ሁሉ የሱ እንዲሆን ነበር። ወጣቶቹ ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ ተበታተኑ። እሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ የሚያደርግን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደረገሙ ተናገሩ። ታሪኩ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ አለ። ክልከላውን ያመጣው እንስሳው ወፍ መሆኑ አይደለም፤ ነፍሱ የእጅ መሞከሪያ መሆኗ ነው። ለዒላማ ቆርቆሮ አለ፣ ድንጋይ አለ። በገጠራችን ኢላማ መምታት ክብር እንደሆነ እናውቃለን፤ «እስቲ ያንን ከዚህ ሆነህ ምታው» ተብሎ በቀበሮ ወይም በዝንጀሮ ላይ የሚደረግ ውርርድ ግን ከነዚያ ወጣቶች ሥራ የሚለየው ገመዱ ብቻ ነው።

የአገሪቱ ሕግም አለ። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የጦር መሣሪያን ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመለከተዋል። ከሕጉም ባሻገር ባለፉት ዓመታት በነዚህ ወረዳዎች የሌሊት ተኩስ ምን ትርጉም እንደያዘ፣ ሰፈሩን እንዴት እንደሚያስደነግጥ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም። በባትሪ ብርሃን ሲታይ የሚያበራ ሁለት ዓይን የጅብ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ውሻም፣ የራስ አህያም ሊሆን ይችላል። ጥይቱም የሳተውን ትቶ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል እንለፍ፤ ቆስሎ የሄደውስ? ያቆሰለው ሰው ሥራው አላለቀም ብለን እናምናለን። ለመግደል የተፈቀደለት ጉዳቱን ለማስቆም፣ በመልካም አኳኋን ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር የኢሕሳኑ ትዕዛዝ ገና በሱ ላይ ነው። ደሙን ተከትሎ መፈለግ፣ ሲገኝም ቀርቦ በአንድ ጥይት መጨረስ አለበት። ጎጂ እንስሳ ስለሆነ መጨረሱ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም። በነሐሴና በመስከረም በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ የገባበት አይገኝም፤ አጥንቱ የሚታየው በታኅሣሥ፣ አገዳ ሲታጨድ ነው። ስለዚህ «ፈልጌ አገኘዋለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ከተኩሱ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። ወንድምየው ፈልጎ ካጣው የቻለውን አድርጓል፤ አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም። ሲተኩስ ከ100 ሜትር ባነሰ ርቀት ቆሞ ቢጠብቅ ኖሮ ግን ፍለጋውም አይኖርም ነበር፤ ለሚቀጥለው ጊዜ የምንመክረውም ይህንኑ ነው።

ሲፈለግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ ወደ መንደር የሚገባ፣ ያገኘውን የሚነክስ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በእጅ መንካት አይገባም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚከብደው የአህያ ነገር ነው። ጅብ ሌሊት ከኋላዋ በልቷት ጠዋት ቆማ የተገኘች አህያ አይታችሁ ይሆናል። ሥጋዋ ስለማይበላ «ትረፍ» ብሎ መግደል ይቻላል? እዚህ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። ዘይኑዲን አል መሊባሪ የጻፉት፣ በሻፊዒያ መዝሀብ የሚቀራው ፈትሑል ሙዒን የማይበላ እንስሳን ለማሳረፍ ሲባል እንኳ ማረድ ሐራም ነው ይላል፤ ምሳሌ ያደረገውም አቅም ያጣ አህያን ነው። በማሊኪያ መዝሀብ የኸሊል ሙኽተሰር ደግሞ ተስፋ የተቆረጠበትን የማይበላ እንስሳ ማረድ ይፈቅዳል። የመጀመሪያዎቹ የነፍስን ክብር፣ ሁለተኞቹ የስቃዩን ማብቃት አስበልጠው አይተዋል። የየአካባቢያችሁን ዑለማ ጠይቁ። እኛ ልብ የነካን ግን ሁለቱም ወገን ለአንዲት አህያ ይህን ያህል መጨነቃቸው ነው።

ለሥጋ የሚታደነውን በተመለከተ፣ ስለ ሚዳቋና ስለ ጅግራ የጠየቁን አሉ፤ ሕጉ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ከላይ ጠቅሰናል። በፊቅሁ በኩል መሠረቱ የዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። በስለቱ ወግቶ የገደለው ይበላል፣ በጎኑ ደብድቦ የገደለው አይበላም። ቀስት የተወረወረበት አውሬ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሞቶ ሲገኝ ከዚያ ቀስት በቀር ሌላ ምልክት ከሌለበት ይበላል፤ ውሃ ውስጥ ወድቆ ከተገኘ ግን አይበላም፤ ውሃው ይግደለው ቀስቱ አይታወቅምና። ጠመንጃ ሲመጣ ዑለማዎች ጥይት ከየትኛው ነው ብለው ተከራከሩ። በ1250 ሂጅራ የሞቱት የየመኑ ሸውካኒ ጥይት ይበሳል እንጂ አይደበድብም፤ ስለዚህ ቢስሚላህ ተብሎ ከተተኮሰ የገደለው ሐላል ነው ብለዋል። በሕይወት ከደረሱበት ግን መታረድ አለበት።

መርዝና ጭስ ላይ ብዙ አንቆይም። በተመረዘ ሥጋ የሚሞት አውሬ ሞቱ ረጅም ነው፤ ከዚያም ሥጋውን የበላው ጥንብ አንሳና የጎረቤት ውሻ ይከተላል። ጉድጓድ ውስጥ ያሉ ግልገሎችን በእሳት ማቃጠልን በተመለከተ በእሳት መቅጣት የእሳት ጌታ ብቻ መብት መሆኑን የሚናገረው ሐዲስ በቂ ነው።

ተኩሱን ከነአካቴው የሚያስቀረው ቀበሮው ከመምጣቱ በፊት ያለው ሥራ ነው። አዲስ የተወለዱ ግልገሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቤት ዙሪያ ባይርቁ፤ በረቱ በቀጋና በግራር እሾህ ደህና ተደርጎ ቢታጠር፤ አህያ ውጭ ባታድር። የሞተ ከብትን ከመንደር ዳር መጣል ጅብን በስሙ እንደመጥራት ነው። በትግራይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀንስና የሚጣል አጥንት ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ እንደሚዞሩ አሳይቷል። ጎጃምም ዐቢይ ጾም የሚጾምበት አገር ነው፤ የኛ ቤተሰቦችም አህያቸውን በዚያ ወቅት ጠበቅ አድርገው ቢያሳድሩ ይበጃል።

የቀረችን አንዲት ጥያቄ ናት፤ በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ በትንሹ ተጽፋ ያገኘናት። ቀበሮ ነክሶ የጣለው ግን ያልሞተ በግ ይበላል ወይ? ሱረቱል ማኢዳህ ሦስተኛው አያ አውሬ የበላውን ከሐራሙ ከቆጠረ በኋላ በሕይወት ደርሰን ያረድነውን አውጥቶታል። ስለዚህ በጉ ሕይወት ካለበት፣ ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደና ደሙ ከፈሰሰ ሐላል ነው። ቢላዋ ቤት ቀርቶ ከሆነም አትጨነቁ። ቡኻሪ እንደዘገቡት የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በጎች መዲና አጠገብ ሰልዕ በሚባለው ተራራ ሲግጡ አንዷ ልትሞት ሆነች፤ የምትጠብቃቸው ገረድ ድንጋይ ሰብራ በስለቱ አረደቻት። ከዕብ ለቤተሰቡ «ነቢዩን ሳልጠይቅ እንዳትበሉ» አላቸው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲበሉ አዘዙ። ወላሁ አዕለም።